የአንድ ሌሊት ትዕግሥት፤ ስለ ሂና ሊጥ አዘገጃጀትና አቀማመጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ስም የተነገረ ንግግር)






ከሳይንስ ክበብ በኩል አንድ ንግግር እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎች ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ወይም ስለ ሕዋ ጉዞ እንደምንናገር ገምተው ነበር። እኛ ግን የመረጥነው በድሬዳዋ ከተማችን በየቤቱ ያለውን፣ ከቀፊራ ገበያ በጥቂት ብር የሚገዛውን፣ እናቶቻችን በሠርግና በበዓል ዋዜማ የሚበጠብጡትን ሂናን ነው። «ሂና ደግሞ ምን ሳይንስ አለው?» የሚል ቢኖር፣ እስከ ንግግራችን ፍጻሜ ድረስ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ትዕግሥት የንግግራችን ዋና ፍሬ ነገር ስለ ሆነ ከአሁኑ መለማመዱ አይከፋም።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው ለጨዋታ አይደለም። አምና ከክፍላችን አንዲት እኅታችን ለዘመዷ ሠርግ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። በዚያም ከአንድ የውበት ሳሎን ገብታ «ጥቁር ሂና» የተባለውን በእጇ ላይ አሣለች። ሥዕሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ቀለም ጥቁር ሆነ፤ ሁሉም አደነቀው። በ9ኛው ቀን ግን እጇን ያሳክካት ጀመር፤ ቀጥሎም አበባው በተሣለበት መሥመር ሁሉ ቆዳዋ ቀልቶና አብጦ ውኃ ቋጠረ። የፈተና ሳምንት ስለ ነበረ ብዕር መያዝ ተስኗት ሁለት ፈተና አለፋት። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የአበባው ቅርጽ በጠባሳ ተጽፎ ቀረ። ስሟን አንጠራም፤ ነገር ግን ይህን እንድንናገር እርሷ ራሷ ፈቅዳልናለች፤ ይህንንም ንግግር ስንጽፍ አብራን ተቀምጣ አርማናለች።

ያን ጊዜ በቤታቸው ታላቅ ክርክር ተነሣ። እናቷ «ከእንግዲህ ወዲህ ሂና የሚባል ነገር ከደጄ አይደርስም!» ብለው ማሉ። አያቷ ደግሞ «እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሂና አድርጌ አንድ ቀን እንኳ አቃጥሎኝ አያውቅም፤ ይህ ሂና አይደለም!» ሲሉ መለሱ። እኛም ሁለቱንም የምናከብር ልጆች ስለ ሆንን፣ ከሁለቱ እውነቱን የያዙት ማን እንደ ሆኑ በክርክር ሳይሆን በሥራ ልንመረምር ተነሣን። የክበባችንም የዓመቱ ሥራ ይኸው ሆነ።

በመጀመሪያ ሂና ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሂና በሞቃትና በደረቅ አገር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ሊቁ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ላውሶኒያ ኢነርሚስ» ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙም የተሰጠው ለስኮትላንዳዊው ሐኪም ለአይዛክ ላውሰን መታሰቢያ ነው። ለቀለም የሚፈለገው ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ላውሶን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም የሚያስገኝ ነገር አለ። ብዛቱም ከደረቁ ቅጠል ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍና ዝቅ ያለ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ናት እንግዲህ የሙሽራን እጅ የምታስጌጥ።

በሕንድ አገር በራጃስታን ክፍል የምትገኘው የሶጃት ከተማ በሂና እርሻዋ የታወቀች ናት። በሱዳን፣ በየመን፣ በሶማሊያ፣ በሰሜን አፍሪካም ያለ ሂና ሠርግ እምብዛም አይደመቅም። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ 16 የዐረብ አገሮች በአንድነት ያቀረቡትን የሂና ልማድ ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በእኛም ከተማ የሐረሪው፣ የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የአርጎባው፣ የዐማራውም ቤት ሂናን ያውቀዋል። በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ ልጆች በዓላችን ቢለያይም የእጃችን ቀለም አንድ ሆኖ የሚታይበት ቀን ብዙ ነው።

በደጋው የሚኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ እንሶስላ አላቸው። እንሶስላ ከሂና የተለየ ተክል ነው፤ ቀለሙም የሚገኘው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ሆኖም የእንሶስላ ወገን በሆኑ ዕፀዋት ውስጥ ያው የሂናው ላውሶን መኖሩ በምርመራ ታውቋል። እንግዲህ ቆላና ደጋ ሳይማከሩ አንዱን ቀለም ከሁለት ተክል አገኙት ማለት ነው። የእንሶስላ ወገን በላቲን «ኢምፓቲየንስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ትዕግሥት የሌለው» ማለት ነው፤ የዘሩ ከረጢት ሲነካ ፈጥኖ ስለሚፈነዳ ነው። እናቶቻችን ግን ይህን ትዕግሥት የለሽ ተክል በታላቅ ትዕግሥት ነው የሚሠሩበት።

አሁን ወደ ምርመራችን እንመለስ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሥራችን የሚያሳፍር ነበር። ቀለሙ ቶሎ እንዲወጣልን ብለን በሂናው ዱቄት ላይ የፈላ ውኃ አፈሰስንበት፤ ከአንድ ሰዓትም በኋላ በእጃችን ላይ አደረግነው። የወጣው ቀለም እንደ እርድ የገረጣ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ጠፋ። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ «እንግዲያውስ ብዙ እናቆየው» ብለን የተበጠበጠውን ሂና ከዓርብ እስከ እሑድ ድረስ ከቆርቆሮ ጣራ በታች ባለው ሙቅ ክፍል ተውነው። ሊጡ እስከ ውስጡ ድረስ ቡናማ ሆኖ ቆየን፤ ቀለሙም ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። የቸኮለም የዘገየም እኩል ከሰረ።

ግራ ቢገባን ወደ ቀፊራ ሄደን ለብዙ ዘመን ሂና ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት ጠየቅን። «እማማ፣ ሂናው ለምን እምቢ አለን?» ብንላቸው ሳቁብንና፣ «ልጆቼ፣ ሂና ሌሊት ይፈልጋል። ሌሊቱን ከነፈጋችሁት ቀለሙን ይነፍጋችኋል» አሉን። ሌላም ነገር አስተማሩን። ሁለት ዓይነት ዱቄት በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩን፤ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ሁለተኛው ወደ ቡናማ ያደላና ሽታው የጠፋ ነበር። «ይኼኛው አርጅቷል፤ ሽማግሌ አይጨፍርም» አሉን። በጣም ደማቅ አረንጓዴ የሆነውንም እንድንጠረጥር ነገሩን፤ ቀለም የተጨመረበት ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ሥራችንን በሥርዓት ያዝን። በአራት የብርጭቆ ዕቃ እኩል ዱቄት አድርገን አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሁለተኛውን በሙቅ ውኃ፣ ሦስተኛውን በቀዘቀዘ ሻይ፣ አራተኛውን በሎሚ ጭማቂ በጠበጥን። በየሰዓቱም ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ነጥብ በመዳፋችን ላይ እያደረግን፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እየጠረግን ቀለሙን በደብተር መዘገብን። ከመካከላችን የእግር ኳስ በረኛ የሆነው ወንድማችን መዳፉ ሰፊ ስለ ነበረ ብዙው ነጥብ በእርሱ ላይ ዐረፈ። በማግሥቱ የሂሳብ መምህራችን መዳፉን አይተው «ይህ ምንድር ነው? የፈተና መልስ ጽፈህ ነው ወይ?» ብለው ያዙት። ነገሩን በተረዱ ጊዜ ግን ከልብ ሳቁ፤ ነጥቦቹንም ቆጥረው «ሙቀቱን ሳትለኩ ሰዓቱን ብቻ መመዝገብ ግማሽ ሥራ ነው» ብለው ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር አስወጡልን። ለዚህ ምክራቸው እናመሰግናለን፤ የቸገረን እንቆቅልሽ የተፈታው በቴርሞሜትሩ ነውና።

ያገኘነው ይህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀለም በመጀመሪያ ከስኳር መሰል ነገር ጋር ተሣሥሮ የተቀመጠ ነው። ሲርስ ቀስ በቀስ ይፈታል። ሎሚ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ቀለሙ ቶሎ ከአየር ጋር ተዋህዶ እንዳይከስም ይጠብቀዋል። የሚፈታበትን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው። በሚያዝያ ወር፣ በክፍላችን ውስጥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በነበረ ጊዜ፣ በሎሚ የተበጠበጠው ሂና በ5ኛው ሰዓት ደረሰ። በታኅሣሥ ሌሊት በቀዝቃዛ ክፍል ያደረው ግን ለመድረስ 12 ሰዓት ያህል ወሰደበት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዘመድ «አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን አቆዩት» ቢል፣ የድሬዳዋዋ አክስት ደግሞ «ጧት በጥብጦ ማታ ማድረግ ነው» ብትል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዳቸው ስለ አገራቸው አየር ተናገሩ እንጂ። እኛ ከዓርብ እስከ እሑድ በሙቀት የተውነው ሂናም የከሸፈው ደርሶ ካለፈ በኋላ ስለ ተጠቀምንበት ነው።

በዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሞከርን በኋላ የያዝነውን አሠራር እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ፤ አዲስና ንጹሕ የሂና ዱቄት 100 ግራም ይወሰዳል። በጥሩ ወንፊት፣ ቢቻል በስስ ሻሽ ይነፋል። ያልተነፋ ዱቄት ግንድና ጉርድፍ ስለሚኖረው የኮኑን ጫፍ ይደፍናል፤ ሥዕሉንም ያበላሻል። ለጸጉር ቀለም ተብሎ በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ለቆዳ አይወሰድም፤ ሌላ ኬሚካል የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና።

2ኛ፤ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨመራል። ስኳር ሊጡን ያለሰልሰዋል፤ በቆዳ ላይ ያጣብቀዋል፤ ቶሎ ደርቆ እንዳይረግፍም እርጥበት ይይዝለታል። እንደ እኛ ባለ ደረቅ አየር ይህ ታላቅ ጥቅም አለው። እርጥበት በበዛበት አገር ግን ስኳር ሲበዛ ሥዕሉ ይቀልጣልና መቀነስ ይገባል።

3ኛ፤ የ12 ወይም የ15 ሎሚ ጭማቂ ተጨምቆና ተጠልሎ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይታሻል። መጀመሪያ ሊጡ ወፍራም ይሁን። እብጠት እስኪጠፋለት ድረስ በደንብ ማሸት እንጂ ጭማቂውን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አይገባም። የፈላ ውኃ ፈጽሞ አያስፈልግም። ላቬንደርን የመሰለ ንጹሕ የተክል ዘይት የሚያገኝ ሰው ጥቂት ቢጨምር ቀለሙን ያጠልቅለታል፤ የማያገኝም አይዘን፤ እኛ ያለ ዘይት ሠርተን መልካም ቀለም አግኝተናል። ነገር ግን ቀለሙ እንዲጠቁር ብሎ ላምባ ወይም ቤንዚን መጨመር በቆዳ ላይ ግፍ መሥራት ነው።

4ኛ፤ የሊጡ ፊት በላስቲክ ተለብጦ፣ አየር እንዳይገባው ከላይ ተከድኖ፣ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጣል። መድረሱ የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። ከላይ ያለው ፊት ቡናማ ሆኖ ውስጡ ገና አረንጓዴ ሲሆን አንዱ ምልክት ነው። ሁለተኛው በመዳፍ ላይ አንድ ነጥብ ተደርጎ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲጠረግ ብሩህ ብርቱካናማ ምልክት ሲተው ነው። ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ይህን ነጥብ ማመን ይሻላል።

5ኛ፤ የደረሰው ሊጥ ጥቂት ሎሚ ተጨምሮበት እንደ እርጎ እስኪለሰልስ ይመታል፤ ከዚያም በላስቲክ ኮን ተሞልቶ ለሥራ ይቀርባል።

ሊጡን በሚገባ ማዘጋጀት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ሂናው በእጅ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሊያድር ይገባል። ሲደርቅ ስኳር በተበጠበጠበት ሎሚ በጥጥ ይነካካል፤ እንዳይረግፍም በጨርቅ ይሸፈናል። እጅ ሲሞቅ ቀለሙ ይበረታል፤ ደጋዎቹ «እንሶስላ መሞቅ» የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ሳይንሱን ከእኛ በፊት በቃላቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ጧት ሊጡ በቢላዋ ጀርባ ወይም በጥፍር ይፋቃል እንጂ በውኃ አይታጠብም። እስከ ማግሥቱም ውኃና ሳሙና ባይነካው መልካም ነው።

እዚህ ላይ ሙሽሮችን የሚያስደነግጠውን ነገር እንናገር። ሊጡ እንደ ተፋቀ የሚታየው ቀለም ብርቱካናማ ነው። ያን ጊዜ «ከሰርን!» ብለው የሚያለቅሱ አሉ። ማልቀስ አይገባም። ላውሶን በቆዳችን ውስጥ ኬራቲን ከተባለው ነገር ጋር ይተሣሠራል፤ ከዚያም በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እየጠቆረ ሄዶ ቀይ ዳማ ይሆናል። ስለዚህ ለእሑድ ሠርግ ሂና የሚደረገው ዓርብ ማታ ነው እንጂ ቅዳሜ ማታ አይደለም። መዳፍና ውስጥ እግር ቆዳቸው ወፍራም ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ የሚታይባቸው እነርሱ ናቸው፤ በእጅ ጀርባና በክንድ ላይ ግን ቀለሙ ይሳሳል። የላይኛው ቆዳ እየታደሰ ሲሄድ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀለሙ አብሮ ይለቃል።

አሁን ስለ አቀማመጡ እንናገር፤ ከምርመራችን ታላቁን ትምህርት ያገኘነው ከዚህ ነውና። ያልተበጠበጠው ዱቄት ሦስት ጠላቶች አሉት፤ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት። ስለዚህ አየር በማያስገባ ዕቃ ተዘግቶ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል። በመስኮት አጠገብ በብርጭቆ ዕቃ ተደርድሮ የሚታየው ዱቄት ለዓይን ያማረ ቢሆንም ኀይሉ በየቀኑ እየደከመ ነው።

የተበጠበጠውን ሊጥ ደግሞ በሦስት ስፍራ ከፍለን አስቀምጠን ነበር። በጠረጴዛ ላይ የቀረው በድሬዳዋ ሙቀት ከደረሰ ከአንድ ቀን በኋላ ይደክም ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን የማይረባ ሆነ። በፍሪጅ ያስቀመጥነው እስከ አራተኛው ቀን መልካም ቀለም ሰጠ፤ በሳምንቱ ግን ገረጣ። በፍሪዘር ያስቀመጥነው ከሦስት ወር በኋላ አውጥተን ብንሞክረው እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ሊጡ እንደ ደረሰ ወዲያው ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ኮን ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይበጃል፤ ሲፈለግም አንዱን ብቻ አውጥቶ በክፍሉ ሙቀት ማቅለጥ ነው። የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ ያደክመዋል። መብራት ሲጠፋብን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጡ ቀልጦብን ስለ ነበረ ይህን ከኪሳራ ተምረነዋል።

እንግዲህ አስተውሉ። ንጹሕ ሂና የሚበላሽ ነገር ነው፤ እንደ ወተት፣ እንደ እርጎ ቀን የተቈጠረለት ነው። ታዲያ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በሙቀት ለወራት ተቀምጦ፣ ተገዝቶ ወዲያው የሚሠራ፣ በአንድ ሰዓትም እንደ ከሰል የሚያጠቁር ኮን ካለ፣ ያንን የሚያጠቁረው የሂና ቅጠል ሊሆን አይችልም። የማይበላሽ ሂና ሲያጋጥመን ልንደሰት ሳይሆን ልንፈራ ይገባናል። በእናትና በአያት መካከል ለተነሣው ክርክር መልሱን ያገኘነው ከዚህ ነው። አያትዮዋ እውነታቸውን ነበር፤ እኅታችንን ያቃጠላት ሂና አልነበረም።

«ጥቁር ሂና» በሚባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን፣ በአጭሩ ፒ ፒ ዲ የሚባል ኬሚካል ነው። ይህ ለጸጉር ማቅለሚያ የሚውል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለጸጉር ብቻ፣ ያውም ከ2 በመቶ ሳይበልጥ ይፈቅደዋል፤ በቆዳ ላይ እንዲደረግ አይፈቅድም። በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ለቆዳ አልፈቀደውም። በሱዳን ይህ ኬሚካል በድንጋይ መልክ እየተሸጠ፣ ተፈጭቶ ከሂና ጋር እየተቀላቀለ ብዙ ሰዎችን እንደ ጐዳ ሐኪሞች ጽፈዋል፤ ወደ ሆድ የገባ እንደ ሆነ ጉሮሮን አሳብጦና ኩላሊትን አድክሞ ይገድላል። በቆዳ ላይ ሲደረግ ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። ከዚህም የሚከፋው፣ ሰውነት አንድ ጊዜ ከጠላው አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊከተል መቻሉ ነው። እኅታችንም የጸጉር ቀለም ከእንግዲህ ወዲህ እንዳትነካ፣ አንዳንድ ጥቁር ቀለም የተነከረ ልብስም እንድትጠነቀቅ ሐኪሙ ነግሯታል። የአንድ ሰዓት ጌጥ የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ አስከተለ።

ስለዚህ እኅቶቻችን ወደ ሳሎን በምትሄዱበት ጊዜ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሊጡ መቼ ተበጠበጠ? በምን ተበጠበጠ? ስንት ሰዓት በእጅ ላይ ይቆያል? ሠሪዋ «ዛሬ ጧት፣ በሎሚ፣ ሌሊቱን ይደር» ካለች እጃችሁን ስጡ። «በአንድ ሰዓት ጥቁር ይሆናል» ካለች አመስግናችሁ ውጡ። በንጹሑም ሂና ቢሆን አስቀድሞ በክንድ ላይ በትንሹ ሞክሮ አንድ ሁለት ቀን ማየት አይጎዳም። ማሳከክና ማቃጠል የጀመረ እንደ ሆነ ወዲያው ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ «ይለፍልኛል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እናሳስባለን፤ በሕፃናት ላይ ንጹሕም ቢሆን ሂና አይደረግ። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለው የደም ኤንዛይም የሚጎድላቸው ልጆች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ሂና የደም ሴሎችን እንደሚያፈርስ በሕክምና ታውቋል።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት አንድ የምንነግራችሁ አለ። በጥር ወር የዚያችው እኅታችን የአጎት ልጅ ተዳረች። እናቷ አስቀድመው ሂናን ከቤት አስወጥተው ነበር፤ ነገር ግን ደብተራችንን ካሳየናቸውና የእጃችንን ቀለም በዓይናቸው ካዩ በኋላ «እንግዲያስ ሂናውን እናንተው አዘጋጁት፤ ሌላ ሰው አላምንም» አሉን። ዱቄቱን ከቀፊራ ከእማማ ገዛን፤ ሎሚውን ወንዶቹ ጨመቁ፤ አያትዮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙን ነበር። እኅታችን ጓንት አጥልቃ ወንፊቱን ያዘች፤ ዱቄቱን እርሷ ነፋች፤ ነጥቡንም በሌሎች መዳፍ ላይ እየሞከረች መድረሱን የነገረችን እርሷ ናት። በራሷ እጅ ላይ ግን አላደረገችም፤ ሐኪሙ እንድትጠነቀቅ መክሯታልና። ዓርብ ማታ የተሣለው ሂና እሑድ ጧት ቀይ ዳማ ሆኖ በወጣ ጊዜ ሙሽራይቱ እጇን ዘርግታ ለሁሉ አሳየች። እኅታችን አይታ ዝም አለች፤ ቀጥላም «ቀለሙ ደርሷል» አለችን። ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈለግንም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛም በዚህ ዓመት ከሂና ያገኘነው ትምህርት ይኸው ነው። አያቶቻችን ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቃል ባይገልጹትም ሥራውን ዐውቀውት ነበር፤ የእኛ ድርሻ ያቆዩልንን ዕውቀት ሳንንቅ መርምረን ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ለመልካም ቀለም አቋራጭ መንገድ የለውም። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደየምንሄድበት ስንሄድም፣ በአንድ ሰዓት የሚያጠቁር ነገር ሲያጋጥመን ከእጃችን በፊት ሌሊቱን የማናድርበት ለምን እንደ ሆነ እንድንጠይቅ ይህ የዓመቱ ሥራ አስተምሮናል።

መምህሮቻችንን ስለ ምክራቸው፣ እናቶቻችንን ስለ ወንፊታቸውና ስለ ሎሚያቸው፣ በረኛችንንም ስለ መዳፉ እናመሰግናለን።